አሮጌ የብስክሌት ዕቃና የጅጅጋ ታሪክ

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ ከክፍላችን ልጆች ገሚሶቹ ስለ ካራማራ ጦርነት፣ ገሚሶቹም የጅጅጋ አገረ ገዥ ሳሉ የከተማይቱን ፕላን ስላወጡት ስለ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ለመጻፍ ተሻሙ። እኛ ሦስታችን ዘግይተን ስለ ደረስን የቀረልን ርእስ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከገበያው ጀርባ፣ አሮጌ ብረት በኪሎ ከሚገዛ ከአንድ ቁራሌው ሚዛን አጠገብ ቆመን ሳለን፣ ርእሳችን በጆንያ ታስሮ መጣ።

በጆንያው ውስጥ የነበረው የዛገና ያልዛገ የብስክሌት ዕቃ ነው። ፔዳል፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ ፎርኬላ፣ የደወል ክዳን፣ በግራሶ ተለውሶ በጨርቅ የተቋጠረ የኩሽኔታ ኳስ ነበረ፤ ከሁሉም ይልቅ ግን በዙሪያው እንደ ብሎን ጥርስ ያለው፣ ምንነቱን ያላወቅነው ክብ የብረት ቆብ በዝቶ ታየን። ሁለት ጆንያ ቀደም ብሎ ተመዝኖ ሒሳቡ ተከፍሎበታል። ሦስተኛው ሚዛን ላይ ሊወጣ ሲል፣ የዕቃው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ እጃቸውን ሰድደው አንዷን ቆብ አወጡና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥርሷን ዳሰሱ። «ይቺ ፈረንሲስ ናት» ብለውም ወደ ኪሳቸው ከተቷት። በዓይናቸው አላዩአትም። ብረት ዳስሶ አገሩን የሚናገር ሰው አይተን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

እኚህ ሰው ከኀምሳ ዓመት በላይ በጅጅጋ ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። እኛ «አዴር» እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፣ በከተማችን ግን ሽማግሌ ሁሉ በዚህ ስም ይከበራል። ባጃጅ ከተማውን ከሞላው ወዲህ የብስክሌት ጥገና ቀዝቅዟል፤ የአዴር ዓይንም ደክሟል። ልጃቸው ባጃጅ ነጂ ስለ ሆነ፣ ዕቃ የተከመረባትን ክፍል ባጃጁን ለማሳደሪያ ይፈልጋታል። ልጁን አንወቅሰውም፤ የቤት ኪራይና የሕፃናት ቀለብ ያለበት ሰው ነው። ብቻ «አዴር፣ ይህን አንዱን ጆንያ ለአንድ ወር ይተዉልን፣ ለይተንና ጽፈን እንመልሳለን» ብለን ለመንን። እሳቸውም «ለዩት፤ ነገር ግን እናንተ የምትለዩት በመልኩ ነው» ብለው ሣቁብን።

እንዳሉትም ሆነ። እኛ ሥራውን የጀመርነው በምልክቱ ነው። ሽመላ ያለበትን የኖቲንግሃም ራሌህ፣ ሦስት ጠመንጃ ተደግፎ የቆመበትን የበርሚንግሃም ቢ.ኤስ.ኤ.፣ አንበሳ ያለበትን የፈረንሳይ ፔጆ፣ ንስር ያለበትን የሚላኖ ቢያንኪ እያልን ደረደርን። ምልክት የሌለውንም ከጎረቤቱ ጋር አስጠጋነው። አዴር በማግሥቱ መጥተው ያን ሁሉ ድርድር በአንድ እጃቸው አፈረሱት። ምክንያቱም ምልክት የሚለጠፈው በቴላዮው ግንባር ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ብስክሌት ደግሞ በሀያና በሠላሳ ዓመት ውስጥ ግንባሩ እንግሊዝ፣ ፎርኬላው ጣልያን፣ ፔዳሉ ቻይና ሆኖ ይገኛል። ለመለየት የሚያስተማምነው ጥርሱ ነው አሉን።

ይህን ለመረዳት ጥቂት ስለ ብስክሌት አሠራር መናገር ያስፈልጋል። ብስክሌት ዛሬ በምናውቀው መልክ የተሠራው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ የሚባል ሰው ሁለቱ መንኮራኩሮቹ የሚቀራረቡትን፣ የኋላው በካቴና የሚነዳውን «ሮቨር» አወጣ። በ1888 ደግሞ ደንሎፕ በቤልፋስት አየር የሚሞላውን ጎማ ለብስክሌት አዋለው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ፋብሪካ ተከፈተ፤ እያንዳንዱም አገር የራሱን ልክ አወጣ።

የልኩ ልዩነት ከሁሉ የሚታወቀው ፔዳሉ በሚዞርበት ስፍራ ነው። በቴላዮው ታችኛ ማዕዘን አንዲት አጭር ቱቦ አለች። በቱቦዋ ውስጥ ዘንግ ያልፋል፤ ግራና ቀኟም ቀደም ብለን በተናገርነው የብረት ቆብ ይዘጋል፣ ቆቡም ኩሽኔታውን ይይዛል። የእንግሊዝ ቆብ ወርዱ 34.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በአንድ ኢንች ርዝመት 24 ጥርስ አለው፤ የቀኙ ቆብ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ራሌህ ግን የገዛ አገሩ ልክ አልበቃው ብሎ 26 ጥርስ ያወጣ ነበር። የፈረንሳይ ቆብ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ በየ1 ሚሊ ሜትሩ ይመጣል፣ ግራውም ቀኙም ወደ ቀኝ ይጠብቃል። የጣልያኑ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርሱ እንደ እንግሊዝ በኢንች 24 ነው። ወርዱን በሜትር ለክቶ ጥርሱን በኢንች መቁጠር ምን የሚሉት ጥበብ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ሆነ። ብስክሌት ሠርታ የማታውቅ አንዲት የሜዳ ከተማ፣ የሦስት አገር ጥርስ በአንድ ጆንያ ውስጥ እንዴት ተገናኘባት?

መልሱ ከካርታው ላይ ይገኛል። በመጋቢት 1889 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከፈረንሳይ ጋር፣ በግንቦት 1889 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር፣ በግንቦት 1900 ዓ.ም. ደግሞ ከጣልያን ጋር የድንበር ውል ተዋዋሉ። ከነዚህ ውሎች በኋላ በሰሜን ምሥራቅ በጅቡቲ ፈረንሳይ፣ በበርበራና በሐርጌሳ እንግሊዝ፣ በሞቃዲሾ ጣልያን ጎረቤታችን ሆነው ቆዩ። በፈረስና በግመል የሚሄደው ሰው ውሉን ብዙ አላወቀውም፤ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል ራሱ ከብት አርቢው ወዲያና ወዲህ እየተሻገረ እንዲያሰማራ ይፈቅድ ነበር። ብሎን ግን እንደ ግመል አይሻገርም። በየወደቡ የሚራገፈው ዕቃ የየወደቡን ጌታ ልክ ይዞ ይመጣ ነበር።

የፈረንሳዩ መንገድ የምድር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋም ከሐዲዱ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። ምድሯ ሜዳ ስለ ሆነ ለብስክሌት የተመቸች ናት፤ ሐረርን ያየ ሰው ልዩነቱን ጉልበቱ ይነግረዋል። አዴር የፈረንሳይ ዕቃ ሲፈልጉ ወደ ጅቡቲ አይልኩም፤ በሐዲዱ ዳር ካሉት ከተሞች ከአሮጌ ብስክሌት ላይ ያስፈቱ ነበር። ከጆንያችን ውስጥ ከሁሉ ያነሰው የፈረንሳዩ መሆኑም ስለዚህ ነው፤ ሐዲዱ በጅጅጋ አላለፈምና።

ጣልያን በሌላ መንገድ መጣ። የግራዚያኒ ጦር ከደቡብ ተነሥቶ በደገሃቡር በኩል በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጅጅጋ ገባ። ከወታደሩ በኋላ መንገድ ሠሪው፣ መካኒኩ፣ ሹፌሩና ባለ ሱቁ ተከተለ። ወረራው አምስት ዓመት ብቻ ቢቆይም ብረታ ብረቱንና የብረታ ብረቱን ስም ትቶልን ሄደ። አንባቢዎቻችን እስቲ የአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ንግግር ያዳምጡ፤ ጎማ፣ ካቴና፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ፓራፋንጎ ሲል ይውላል፤ ሁሉም የጣልያን ቃል ነው። ካላማዳሪያም «የአየር ክፍል» ከሚለው የጣልያን ቃል የመጣ ነው። አገሪቱ ጠላትን ስታስወጣ ቃሉን አላስወጣችም፤ ሥራው ቃሉን ይፈልገው ነበርና።

በሶማሊኛ ደግሞ ከዚህ ይልቅ የሚያስገርም ነገር አገኘን። ከእንግሊዝ ወገን የመጣው ሰው ብስክሌትን «ባስኪል» ይላል፤ ከሞቃዲሾ ወገን የመጣው «ቡሽኩሌቲ» ይላል። የመጀመሪያው ከእንግሊዝኛ፣ ሁለተኛው ከጣልያንኛ ነው። ከሦስታችን አንዱ በቤቱ ሶማሊኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ አያቱን ጠየቀ። አያቱ ሁለቱንም ቃል ይናገራሉ፤ ስለ አዲስ ብስክሌት ሲያወሩ ባስኪል፣ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ቡሽኩሌቲ ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ይህን አስተውለውት አያውቁም ነበር።

የእንግሊዙ ዘመን ለእኛ ከተማ ረዥም ነው። መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ የተነሣው የእንግሊዝ ጦር፣ በውስጡም የናይጄሪያ ብርጌድ፣ ጅጅጋን ከጣልያን ያዘ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በማርዳ በር በኩል ወደ ሐረር አለፈ። ብዙ የአገራችን ክፍል ወዲያው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲመለስ፣ ኦጋዴን እስከ 1941 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሐውድና የተከለለው ምድር ደግሞ እስከ የካቲት 1947 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆየ። ከበርበራ በሐርጌሳ ወደ ጅጅጋ የሚመጣው መንገድ የቆየ የንግድ መንገድ ስለ ሆነ፣ የእንግሊዝ ዕቃ በዚያ ገባ። ኮርቻው ሰፊ፣ ጎማው 28 ኢንች፣ ፍሬኑ በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ የሚሳብ ያ ጥቁር ከባድ ብስክሌት ከዚህ ወገን ነው። ከጆንያችን ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው ቆብ የእንግሊዝ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ። እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ በሕንድና በቻይና የተሠሩ ብስክሌቶች መጡ፤ እነ ሂሮ፣ እነ ፊኒክስ፣ እነ «በራሪ እርግብ» የሚባለው የቲያንጂን ብስክሌት። እነዚህ ሁሉ ያን የእንግሊዝ ጥቁር ብስክሌት መስለው የተሠሩ ናቸው። የቻይናውም ቆብ እንደ እንግሊዙ በኢንች 24 ጥርስ አለው። ስለዚህ የእንግሊዝን ዕቃ ያስቀመጠ ሰው ሳያስበው ለቻይናውም አስቀመጠ።

አሁን የገዛ ራሳችንን ጥፋት እንናገራለን፤ ባንናገር ደስ ባለን። ጥርስ መለየት የተማርን በመሰለን በሁለተኛው ሳምንት፣ ምልክቱ የተላጠ አንድ የእንግሊዝ ቴላዮ ከአዴር ተቀበልን። ቴላዮው ጤነኛ ነበር፤ የጎደለው የግራው ቆብ ብቻ ነው። ከቆርቆሮው አንድ ቆብ መርጠን በማስመሪያ ለካነው፤ 35 ሚሊ ሜትር ሆነ። የእንግሊዙስ ቢሆን 34.8 አይደለምን? ማስመሪያችን ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር አያሳይም፤ እኛም ስለዚህች ቅንጣት አልተጨነቅንም። ቆቡ አንድ ዙር በጣት ገባ። ከዚያ ተጣበቀ። ቁልፍ አመጣን። አሁንም እምቢ ሲል በቁልፉ እጀታ ላይ ቧንቧ አስረዝመን ሁለት ሆነን ተጫንነው። ቆቡም ዞረ፤ እኛም በደስታ ጮኽን። በኋላ ስናወጣው እንደ ጠጉር የቀጠነ ብረት ተጠቅልሎ አብሮ ወጣ። ያ ብረት የቱቦው ጥርስ ነበር።

አዴር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ በተሻለን። ጣታቸውን በቱቦው ውስጥ አስገብተው ጥቂት ዝም አሉና «በጣት ሁለት ዙር ካልሄደ አገሩ ሌላ ነው» አሉን። ይህን ቀድመው አልነገሩንም ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር መስሏቸው ነው። ቴላዮው ያለ ቶርኖና ያለ ብየዳ የሚድን አልሆነም።

ሰው ለምን ይህን ያህል ብረት ያከማቻል ብለን ጠይቀናቸው ነበር። የመለሱልን በአንድ ሣጥን ታሪክ ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ አዴር ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ከተማውን ለቅቀው ከመሄዳቸው በፊት ቆቡን፣ ዘንጉንና ኳሱን ሁሉ በግራሶ ለውሰው፣ በእንጨት የጥይት ሣጥን ውስጥ አድርገው በግቢያቸው ቀበሩት። ከዚያ ካራማራን ተሻግረው ወደ ሐረር ሄዱ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊትና የኩባ ወታደሮች ከተማይቱን መልሰው ከያዙ በኋላ ሲመለሱ፣ ቤቱ ጣራ አልነበረውም፤ ሣጥኑ ግን እንደ ተቀበረ ነበር። ዘመኑ የውጭ ምንዛሪ ያጠረበት፣ ለብስክሌት ዕቃ ብሎ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የጠፋበት ነበር። ያለቀ ቆብ የሚተካው ከዚያ ሣጥን ብቻ ሆነ። ቤታቸውን በሣጥኑ ሠሩት፤ ሚስትም ያገቡት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ሐርቲ ሼክ ሲጎርፍ፣ ስደተኛው ከያዘው ዕቃ መካከል የሚሸጠው ብስክሌት ነበረበት። አዴር ከፊሉን የእንግሊዝ ዕቃ የገዙት ያን ጊዜ ነው። የስደተኞቹ ሰፈር በ1996 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ከዚያ የተገዛው ዕቃ ግን በእጃችን ነበረ። ሰው ከቤቱ ሲሸሽ የያዘውን ነገር በርካሽ መግዛት ደግ ሥራ ነውን? ብለን እርስ በርሳችን ተከራክረን ሳንስማማ ቀርተናል። አዴርን ለመጠየቅ ግን አልደፈርንም።

በውጭ አገር ደግሞ አሮጌ የብስክሌት ዕቃ የሚሰበስቡት ለጨዋታ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1955 ጀምሮ የአሮጌ ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር አለ። በጣልያን አገር በጋዮሌ ከተማ ከ1997 ወዲህ «ሌሮይካ» የሚባል ግልቢያ ይደረጋል፤ ለዚያ ግልቢያ የሚፈቀደው ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ነው። ስለዚህ እዚያ የዛገ ቆብ ውድ ዕቃ ነው። በአገራችን ግን ብስክሌተኞቻችን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት በሜልቦርኑ ኦሎምፒክ ተወዳድረው ሳለ፣ የአሮጌው ብስክሌት መጨረሻ የቁራሌው ሚዛን ነው፤ ከዚያም ወደ ብረት ማቅለጫ ሄዶ የግንባታ ብረት ይሆናል። የተሸጡት ሁለት ጆንያዎች አሁን በአንድ ፎቅ ቤት ምሰሶ ውስጥ ይሆናሉ።

አዴርን ብናከብራቸውም አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጎረቤቶቻቸው እንደ ነገሩን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳቦ የሚያመላልስ አንድ ልጅ የጣልያን ቴላዮ ይዞ መጥቶ ቆብ ቢለምናቸው፣ በቆርቆሮ ሞልቶ ሳለ «የለም» ብለው መልሰውታል። ልጁም ሦስት ወር በእግሩ ዳቦ አመላለሰ። ይህን በጠየቅናቸው ጊዜ አልካዱም። «ያን ቀን ብሰጠው በነጋታው ሌላ ይመጣል፤ ከዚያ ባዶ ቆርቆሮ ይዤ እቀመጣለሁ» አሉ። ጣራ በሌለው ቤት ውስጥ ሣጥን የቆፈረ ሰው እንዲህ ማለቱ ይገባናል፤ የልጁ እግር ግን ሣጥኑን አያውቀውም።

ወሩ ሲያልቅ ጆንያው ወደ ሚዛን መሄድ ነበረበት። እኛ ሦስታችን ለበዓል ልብስ ካጠራቀምነው ገንዘብ አዋጥተን ቆቦቹን ብቻ ገዛን፤ ለፔዳሉና ለቸርኬው አልደረሰልንም። አሁን በሦስት የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተለይተው በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። በላያቸው ላይ ታልያኒ፣ ኢንጊሪስ፣ ፈረንሲስ ብለን ጽፈናል፤ አዴር በሚጠሯቸው ስም። ያበላሸነው ቴላዮም ከጎናቸው ተሰቅሏል፤ ለምን እንደ ተሰቀለ ግን አልጻፍንበትም።

ይህን ጽሑፍ ለመምህራችን ልናስረክብ በተቃረብንበት ቀን አዴር በልጃቸው ባጃጅ ተጭነው ወደ ትምህርት ቤታችን መጡ። ከቀብሪ በያህ አንድ ልጅ የአያቱን የጣልያን ብስክሌት ተሸክሞ መጥቶባቸዋል። እጃቸውን ወደ ታልያኒ ቆርቆሮ ሰድደው አንድ ጊዜ ዳሰሱና አንዱን ይዘው ወጡ። እኛ ቆጥረን መዝግበን ነበር፤ ሰባት ነበረ። አሁን በቆርቆሮው ውስጥ ስድስት አለ፤ ሰባተኛው በቀብሪ በያህ መንገድ ላይ ይዞራል።